በሸክላው ውስጥ ያለው ሙግት

አዳማ፣ ግንቦት 25 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት

ለልጄ ለዘመናይ ዘገዬ
ድሬዳዋ

ልጄ ሆይ፣ ራህመቶ ትናንት ከባቡር እንደ ወረደ ደብዳቤሽን በእጄ ሰጠኝ። ጤንነትሽን፣ አክስትሽ አረጋሽ እንደ ልጇ እንደ ያዘችሽ፣ እግርሽም የስፌት መኪናውን እንደ ለመደው አነበብኩ። እኛም አለን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። በልጉ ጠፋ፤ አቧራው ከጣቢያው እስከ ገበያው ድረስ ሰውን ሁሉ አንድ መልክ አድርጎታል። ሌላው እንደ ነበረ ነው።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «አባባ፣ እርስዎ ነይ ካሉኝ በማግስቱ እመጣለሁ፤ ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ» ብለሻል። ዛሬ የተቀመጥኩት ለዚህ መልስ ለመስጠት ነው። ነገር ግን እዚህ ያለውን ሳታውቂ መልሱን ብቻ ብልክልሽ ትክክል አይመስለኝም። ስለዚህ ታግሠሽ አንብቢ።

አክስትሽ የሰማችው እውነት ነው። ከሙሉብርሃን ጋር ተቆራኝተናል። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ባልሽ ከዳኛ ፊት ቆሞ፣ «ሚስቴ ከቤቴ ወጥታ ሄደች። በጋብቻዋ ዋስ የሆኑኝ አባቷ ናቸው፤ ዋሴ ያምጡልኝ» አለ። ዋስ መሆኔን አልካድኩም። ድሬዳዋ መሆንሽንም ሁሉም ያውቀዋል። ዳኛው «ሂድና አምጣት» አለኝ፤ «አላመጣም» አልኩ። እሱም «እንግዲያው እስክትመጣ ድረስ ከሳሽና ዋስ ተቆራኙ» ብሎ ፈረደ። የእኔን ግራ እጅ ከባልሽ ቀኝ እጅ ጋር በሰንሰለት አሠሩን። ቁልፉ ከዳኛው አጋፋሪ ዘንድ ነው። ቀጠሮው ለሰኔ ሚካኤል ነው። በዚያ ቀን ከመጣሽ ሁለታችንም እንፈታለን። ካልመጣሽ እሱ ይፈታል፣ እኔ ወኅኒ እወርዳለሁ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ ዳኛው አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን ስጽፍ ባልሽ አጠገቤ ተቀምጧል። ማንበብ ስለማይችል አልፎ አልፎ አንገቱን ያሰግግና «አሁን ምን ላይ ደረሱ?» ይለኛል። «ሰላምታው ላይ ነኝ» እለዋለሁ። «ሰላምታው ረዘመ እኮ አባቴ» ይላል።

ለምን ከቤት እንደ ወጣሽ ዳኛው ጠይቆት ነበር። «ሥራዬ የሐዲድ ዘበኝነት ነው። ወደ ወለንጪቲ ስሄድ ሁለት ሦስት ቀን አድራለሁ። በሩን ከውጭ የምቆልፈው ለሌባ ነው» ብሎ መለሰ። ዳኛው «እሷ ውስጥ እያለች?» አለው። «ዕቃውም እሷም ውስጥ ናቸው» አለ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እሱ ግን ምኑ እንደሚያስቅ አልገባውም፤ ዞር ብሎ ሰውን አየ። በጓሮ በኩል ግድግዳውን ፈልቅቀሽ የወጣሽበትን ቀዳዳ በጭቃ መርጎታል።

ተቆራኝተው የሚሄዱ ሰዎችን በገበያ ቀን አይተሽ ታውቂያለሽ። ከውጭ ሲታይና ሲኖሩበት የተለያየ ነው። ባልሽ በቀኝ እጁ ስለሚበላ፣ እሱ በጎረሰ ቁጥር የእኔ ግራ እጅ አብሮ ወደ ትሪው ይሄዳል። በመጀመሪያው ሰሞን እየቸኮለ ሲጎርስ እጄን ከሽሮው ውስጥ ይነክረው ነበር። እናትሽ «ቀስ ብለህ ብላ፤ ይዘህ የምትሄደው የሰው እጅ ነው» ብላ ተቆጣችው። አሁን ቀስ ብሎ ይበላል። መደቡን ለእኛ ለቅቃ እሷ ጓዳ ታድራለች። ሌላ ሌላውን አልጽፍልሽም።

ሥራዬን አልተውኩም። የሙሴ ኒቆላን ሆቴል ግምጃ ቤት አሁንም የምጠብቀው እኔ ነኝ። ዱቄትና ዘይት ሳወጣ ባልሽ አብሮኝ ይገባል፣ አብሮኝ ይወጣል። የእሱን የሐዲድ ሥራ ግን ሌላ ሰው ይዞታል። መልሰው ይስጡት አይስጡት አይታወቅም። በዚህ ነገር አልፎ አልፎ ይተክዛል። የሆቴሉ ወጥ ቤት ቡዜ ጠዋት በበሩ ስንገባ ሁልጊዜ «ሙሽሮቹ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ» ትላለች። ባልሽ ፊቱን ያዞራል። ፊቱን ሲያዞር እኔም እዞራለሁ።

አሁን ወደ ሸክላው ልምጣ። የሙግት ነገር እየጻፈ ወደ ዘፈን ገባ እንዳትዪኝ። ባልሽ ወደ አንቺ የላከው ቃል አለ፤ ያለ ሸክላው አይገባሽም።

የሙሴ ኒቆላ ሚስት ማዳም ኤሌኒ ከጥምቀት በፊት ለሕክምና ወደ አገሯ መሄዷን ታውቂያለሽ። በዐቢይ ጾም መካከል አንድ ሳጥን በባቡር ላከች። ውስጡ ስድስት የዘፈን ሸክላ ነው። ክዳኑ ላይ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴትና ትሪ የተሸከመ ወንድ ተስለውበታል። ሸክላ ማጫወቻው ድሮም ሆቴሉ ውስጥ ነበረ፤ ከሁለት የተሰነጠቁ ሸክላዎች በቀር ግን የሚዞርበት አልነበረም። ሙሴ ኒቆላ አዲሶቹን አንድ ጊዜ ሰማቸውና ትቷቸው ሄደ። ምን እንደሚሉ ብንጠይቀው «ቀልድ ነው፤ ምንም የለበትም» አለን።

ይህን ማንም አላመነውም። ከሁሉ ይልቅ ያላመነው ኑሬ ነው፤ ከደራ እህል እያመጣ በባቡር የሚያስጭነው ኑሬ፣ ሙግት ካለበት የማይጠፋው። ኑሬ ሆቴሉ ሲገባ «አካም ጅርቱ» ብሎ ለእኔና ለባልሽ አንድ ሰላምታ ይሰጠናል፤ በአንድ ሰንሰለት ለታሰረ ሁለት ሰላምታ ማባከን ነው ይላል። የሙሴ ኒቆላን መልስ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«ፈረንጅ ምንም የሌለበትን ነገር በመርከብ አይጭንም» አለ። «አዘፍኑት ይሰማ።»

የከሰዓቱ ባቡር ካለፈ በኋላ ሆቴሉ ሥራ የለውም። ማጫወቻውን በረንዳ ላይ አውጥተን እናጫውተው ጀመር። መዘውሩን በቀኝ እጄ የማዞረው እኔ ነኝ፤ ሸክላውን በግራ እጁ የሚገለብጠው ባልሽ ነው። በሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው ይወጣል።

ዘፈኑ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወንድ አንድ ነገር ይላል። ሴት ትመልስለታለች። እንደገና ይላል፣ እንደገና ትመልሳለች። ከዚያ ሁለቱም እኩል ይናገራሉ። ከዚያ ብዙ ሕዝብ ያጅባቸዋል። በየመካከሉ አንድ ወፍራም ድምፅ ይጮህና ሁሉም ዝም ይላሉ።

ኑሬ ሁለተኛው ሸክላ ሳያልቅ ነገሩን ጨረሰው። «ሙግት ነው» አለ። «ወንዱ ከሳሽ ነው፣ ሴትዮዋ ተከሳሽ ናት። ሕዝቡ መንገድ አላፊ ነው። ወፍራሙ ዳኛው ነው፤ ሰምታችሁ እንደሆነ እሱ ሲናገር የሚተነፍስ የለም።»

ጣቢያው ላይ ዕቃ የሚያስጭነው ፈዬራ «ሁለቱ እኩል የሚናገሩትስ ለምንድን ነው? ዳኛ ፊት ተራ አለ አይደለም?» አለው።

«ተራ ያለው ለተለያየ ሰው ነው። እነዚህ ግን ተቆራኝተዋል። አንዱ አንዱን ትቶ መሄድ ሲያቅተው እኩል ይጮሃል» አለና በአገጩ ወደ እኛ ጠቆመ። በረንዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ሴትዮዋ ፀጉሯን የተቆረጠችው ሐዘን ላይ ስለሆነች ነው፤ አባቷ ሞቶባታል፣ ሰውዬው ርስቷን ይዞባታል። የተሸከመው ትሪ ለዳኛው እጅ መንሻ ነው። ሦስተኛው ሸክላ ላይ የብረት መንቋቋት ይሰማል፤ ያን ጊዜ ኑሬ ጣቱን አንሥቶ «ሰንሰለቱን ሰማችሁ?» ይላል፣ ሰምተናል እንላለን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙግቱን የማያውቅ አዳማ ውስጥ አልነበረም። ከዓለም ጤና ለገበያ የመጣ ሰው ሽንኩርቱን ሳያራግፍ «ፍርዱ እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኑሬ ሴትዮዋ ትረታለች ብሎ በበግ ተወራረደ፤ ፈዬራ በወንዱ ላይ።

ባልሽ ከወንዱ ጋር ነበረ። «እውነት አለው፤ ድምፁ አይንቀጠቀጥም» ይላል። ቡዜ ደግሞ ከወጥ ቤት በራፍ ላይ ሆና «እውነት ያለው ሰው እንዲህ አይለማመጥም። ስማው፣ እንዴት እንደሚያሽቃብጥ» ትለዋለች። «ዝም በይ፣ ዳኛው እየተናገረ ነው» ይላታል። ሸክላ ላይ ላለ ዳኛ ነው ዝም የሚያሰኛት።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ሙግት ሰምቻለሁ። የኑሬን ነገር ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም። ያልተቀበልኩት በአንድ ምክንያት ነው፤ በእነዚያ ድምፆች ውስጥ የሚፈራ ሰው የለም። ሴትዮዋ ስትመልስለት አትቸኩልም። ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል፤ ደረጃ ወጥቶ እንደ መጣ ሰው ነው። ስድስቱም ሸክላ አልቆ የሚያለቅስ የለም። አንዱ እስኪቀጣ ብዬ ጠበቅኩ፣ ሳይቀጣ አለቀ። እንደገና ከመጀመሪያው አስዞርኩት። ሌላውም ሰው የሚመጣው ለፍርዱ ብቻ አይመስለኝም። እየተማታ የሚገባ ነጋዴ፣ ከዘበኛ ጋር የተጣላ ነጂ፣ ሁሉም አንድ ሸክላ ከሰሙ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገራሉ።

ሦስተኛው ሸክላ ላይ፣ ብረቱ ከተንቋቋ በኋላ፣ ሴትዮዋ መዝፈን ሲገባት ትስቃለች። ወንዱ ሊቀጥል ይሞክርና እሱም ይስቃል። ከኋላ ያሉት ይስቃሉ። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ትቀጥላለች። እዚያ ቦታ ላይ በረንዳው ሁሉ ይስቃል፤ ለምን እንደሚስቅ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ኑሬ «ከሳሹን ሰንሰለት ጠልፎ ጣለው» አለ፤ ለጊዜው በቃን።

ባልሽ ይህችን ቦታ ወደዳት። «ይመልሷት አባቴ» ይለኛል። እመልሳታለሁ። እንደገና «ይመልሷት» ይላል። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሸክላውን እየወለወለ፣ «ዘመናይ እንዲህ ስቃ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እኛ ቤት ሳለች ትስቅ ነበር» አልኩት።

ሸክላውን ከወረቀቱ ውስጥ ከተተው።

ማዳም ኤሌኒ ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው ሐሙስ ተመለሰች። ከባቡር ወርዳ በረንዳው ላይ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ሰው የሞተ መሰላት። ኑሬ ወንበር አቀረበላትና ሙግቱን ከነማስረጃው አስረዳት፤ ሐዘኑን፣ ርስቱን፣ እጅ መንሻውን። እሷ ባርኔጣዋን እንኳ ሳታወልቅ ሰማችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ዐይኗን በመሐረብ ጠርጋ፣ ውሃ ጠጥታ፣ እንደገና ሳቀች።

«ሙግት የለም» አለች በመጨረሻ። «ይህ ቴያትር ነው፤ አገሬ ሳለሁ ሦስት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። የዘፈኑትም እዚያ የሚጫወቱት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ሴትዮዋ ቤቷ ሰለቻት። ለባሏ ሳትነግረው ባሕር ዳር ወዳለ ሆቴል ሄደች። ባሏ ተከትሏት መጣ። እንዳታውቀው የአሳላፊ ልብስ ለበሰ። ይኸው ነው።»

«ፀጉሯስ?» አላት ኑሬ።

«የዘንድሮ አቆራረጥ ነው።»

«ሰንሰለቱስ?»

«ማንኪያና ሹካ ነው። ትሪው ወደቀበት። ቴያትር ቤት ሲጫወቱት አይወድቅም፣ የሚወድቅ ያስመስላል እንጂ። ድምፃቸው ሸክላ ላይ በገባበት ቀን የእውነት አመለጠው። ሴትዮዋም የእውነት ሳቀች። ሌሎቹ ወደዱትና ተውት።»

«ዳኛውስ?»

«ዳኛ አይደለም፤ ወጥ ቤት ነው። ዓሣው አረረ እያለ ነው የሚጮኸው።»

ኑሬ «የእኛም ዳኛ ከዚያ የተሻለ አይናገርም» አለ።

ሰው ቅር አለው። ፈዬራ «ታዲያ በጉ?» አለ፤ በጉ ወደ ደራ ተመለሰ። አንዳንዱ እስካሁንም የማዳም ኤሌኒን ነገር አልተቀበለም፤ ሴት ስለሆነች የሙግት ነገር አልገባትም ይላል። መምጣቱን የተወ ግን የለም።

ባልሽ ግን ወደ ማዳም ኤሌኒ ጠጋ አለ፤ እኔም ተጠጋሁ። «መጨረሻውስ?» ብሎ ጠየቃት።

«አብረው በባቡር ይመለሳሉ። ቀልድ አይደለም? ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

ብድግ አለ፤ እኔም ብድግ አልኩ። «ተመለሰች አይደል? አባቴ፣ ይህን ይጻፉላት» አለኝ።

ቡዜ «ምን ብሏት እንደ ተመለሰች መጀመሪያ ጠይቅ» አለችው።

ጠየቀ። ማዳም ኤሌኒ ሦስተኛውን ሸክላ አስዞረችኝና እየተከተለች ነገረችው። ባልየው ትሪውን ይዞ ወደ ገበታዋ ይመጣል፤ ጎንበስ ብሎ «ምን ላምጣልዎ?» ይላታል። በየዘፈኑ የሚለው ይህንኑ ነው። እሷ ገና በበሩ ሲገባ አውቃዋለች፤ ግን ዝም ብላ ታዝዘዋለች። ውሃ ትላለች፤ ያመጣል። ይህ ሞቀ፣ ቀዝቃዛ ትላለች፤ ያመጣል። ወንበሬን ወደ ጥላ ውሰድልኝ ትለዋለች።

«ባሏ መሆኑን እያወቀች?» አለ ባልሽ።

«እያወቀች።»

«ማወቋን እሱ ያውቃል?»

«ኋላ ያውቃል። ቢያውቅም ማመላለሱን አይተውም።»

ማታ እናትሽ ትሪውን አቅርባ ልትቀመጥ ስትል፣ ባልሽ «እናቴ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» አላትና ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። ሁለታችን ሄደን አንድ ጣሳ ውሃ አመጣን። እናትሽ ጣሳውን ተቀብላ ግንባሩን ዳበሰችው፤ ትኩሳት የያዘው መስሏት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወውም። በርጩማ ያመጣል፣ እንጨት ያቀርባል፣ ጎረቤት ሲመጣ ተነሥቶ ወንበር ይስባል። እሱ ባመላለሰ ቁጥር የምመላለሰው እኔም ነኝ። ወገቤን አመመኝ እንጂ ቤቱ ተመችቶታል።

እናትሽ «ሰውዬው ተለውጧል። ትምጣ፤ አንተም ትፈታለህ» ትላለች። ይህን የምትለው ስለ እሱ ብላ አይደለም፤ ስለ እኔ ነው። ምናልባት በሌላ ሰው እጅ አጽፋ ነይ ብላ ትልክብሽ ይሆናል። ብትልክም አትቀየሚያት።

ዛሬ ጠዋት ባልሽ፣ «ደብዳቤውን ሲጽፉ የእኔንም ቃል ይጻፉልኝ» አለ። ቃሉ ይህ ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«ዘመናይ ሆይ፣ ምን ላምጣልሽ? ያልሽውን አመጣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ባልሽ ጊዜ ሁሉ። በሩንም አልቆልፍም። ከእኔ ከሙሉብርሃን።»

ከስሙ አጠገብ ያለው ጥቁር ምልክት የአውራ ጣቱ ነው። ቀለሙ ውስጥ ራሱ ነክሮ አተመው።

እውነቱን እንደ ተናገረ አምናለሁ። ውሸታም ሰው አይደለም፤ አንቺም ውሸታም ነው ብለሽ አታውቂም። ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ምን ላምጣልሽ ስትላት፣ ድሬዳዋ ልቅር ብትልህስ?» አልኩት።

ሰንሰለቱን ከላጠው የእጁ አንጓ ላይ በግራ እጁ ፈቀቅ አደረገ። ከዚያ «እሱ ሸክላው ላይ የለም» አለ።

«ሸክላው ላይ ባይኖርስ?» አልኩት።

«ውሃ ብትለኝ አመጣለሁ። ወንበር ብትለኝ አመጣለሁ» አለ። «ልቅር ካለች ግን ምኑን አመጣዋለሁ? ያን ጊዜ ዋሴን ከመያዝ በቀር ሌላ ምን አለኝ፣ አባቴ?» ይህን ሲናገር አልተቆጣም። ምክር እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሸክላው አሰብኩ። ሰው ለምን እንደሚወደው አሁን የገባኝ ይመስለኛል። ሴትዮዋ ስትወጣ ዋስ አልነበራትም። በእሷ ፈንታ የሚታሰር የለም፤ ስለዚህ ውሃው ሞቀ እያለች ታመላልሰዋለች፣ ትሪው ሲወድቅ ትስቃለች፣ ሲላትም ትመለሳለች። ብትመለስም ባትመለስም ማንም አይጎዳም። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔም ደስ ይለኛል፤ ነገም ከባቡሩ በኋላ አስዞረዋለሁ።

አንቺ ግን ዋስ አለሽ። እኔ ነኝ። በሠርግሽ ቀን እጄን ከሰው ፊት አንሥቼ ዋስ የሆንኩት ማንም ሳያስገድደኝ ነው፤ የሚመጣውም የእኔ ነው። መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፤ አትምጪ።

ባልሽን ወደሽው፣ ቃሉን አምነሽው፣ በራስሽ ሐሳብ ብትመጪ ያ ሌላ ነው። አልከለክልሽም። ያን ጊዜ ግን ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ይሁን፤ ቀኑ አልፎ፣ የእኔ ነገር ከለየለት በኋላ። ለእኔ ብለሽ እንደ መጣሽ ካወቅኩ ደስ አይለኝም። ሙሴ ኒቆላ ሥራዬን ለሌላ አልሰጥም ብሎኛል። እስከዚያው ግምጃ ቤቱን ቡዜ ትጠብቃለች፤ እናትሽም ወጥ ቤት ገብታ ታግዛታለች። ሁሉን ነገር ተነጋግረንበታል። በዚህ በኩል የሚያሳስብሽ የለም።

ባልሽ አሁን «ምን ላይ ደረሱ?» ብሎ ጠየቀኝ። «መጨረሻው ላይ» አልኩት። «የእኔ ቃል የት ላይ ነው?» አለ። ቦታውን አሳየሁት፤ የጣቱን ምልክት አየ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከስፌትሽ የተረፈ ለስላሳ ጨርቅ ካለ በራህመቶ እጅ ላኪልኝ። ስፋቱ አራት ጣት፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ ይሁን። ለሸክላዎቹ መወልወያ ነው። ሁለት አድርጊው፤ አንዱ ለባልሽ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የታጠበ ቢሆን ይሻላል፤ አዲስ ጨርቅ ይፈትጋል።

ድሬዳዋ ሙቀቷ ብርቱ ነው ይላሉና ውሃ አታጓድዪ። አክስትሽን አረጋሽን እጅ ነሥቼልሻለሁ በያት። ማርያም በሄድሽበት አትለይሽ፤ የጀመርሽው ስፌት ተፈጽሞ ለባለቤቱ የሚያምር ይሁን፤ እኔና እናትሽ በየጸሎታችን ስምሽን እንጠራለን።

አባትሽ
ዘገዬ